ለመርዶ ነጋሪዋ መርዶ

ከገዳሪፍ ተመለስኩ ስል ሰው ሁሉ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ሰሊጡና ስለ ጦርነቱ ይጠይቀኛል። ሦስቱንም አይቻለሁ፤ የሄድኩት ግን ለአንዳቸውም አልነበረም። የሄድኩት አክስቴን ጥሩወርቅን ላረዳት ነው። አንዲት የቀረቻት ልጇ ዝናሽ እዚህ ጎንደር ሐምሌ አጋማሽ ላይ አርፋ ቀብረናታል። እናቷ ድንበር ማዶ ናትና አልሰማችም።

«በስልክ አትነግሯትም ነበር?» የሚል ሰው አላጣሁም። መርዶ በስልክ አይነገርም። ብቻዋን ብትሆንስ? እሳት አጠገብ ብትሆንስ? ስትወድቅ ማን ይይዛታል? መርዶ ጎህ ሲቀድ፣ ዘመድ ጎረቤት ከብቦ፣ ፊት ለፊት ነው የሚነገረው። ስለዚህ አክስቴ በደወለች ቁጥር ስልኩን እየተቀባበልን «ዝናሽ ገበያ ሄዳለች»፣ «ዝናሽ ቤተ ክርስቲያን ናት» ስንል ሦስት ሳምንት ሊሞላን ሆነ። ከዚህ በላይ መዋሸት አልቻልንም።

ወንድሞቼ እንዳይሄዱ የመተማ መንገድ ወንድ የሚታገትበት መንገድ ሆኗል። «አንቺ በጉልበትሽ ሕመም ጡረታ የወጣሽ አስተማሪ ነሽ፣ ማን ይፈልግሻል?» አሉኝ። ሙገሳ መሆኑ ነው። እኔ ደግሞ ፊቴ ምንም የማይደብቅ ሰው ነኝ። ስንት ዘመን ሳስተምር ልጆቹ ፈተና መውደቃቸውን ወረቀቱን ከማየታቸው በፊት ከፊቴ ነበር የሚያነቡት። መርዶም ነግሬ አላውቅም።

አክስቴ በሰባ ሰባቱ ረሃብ ከበለሳ በእግሯ ወደ ሱዳን ስትወጣ ሁለት ልጆች ነበሯት። ሁለት መሸከም አልቻለችም። ትንሿ ትንሽ ይበቃታል፣ ትልቁን ግን ማን ያበላልኛል ብላ ዝናሽን ለእናቴ ትታ የአራት ዓመት ወንድ ልጇን አዝላ ሄደች። ልጁ ገዳሪፍ ሳይደርስ መንገድ ላይ ሞተ። የተወቻት ዝናሽ እኛ ቤት አደገች። ያኔ እኔ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ያዘልኳት እኔ ነኝ። እናትና ልጅ ከዚያ ወዲህ የተያዩት ሦስት ጊዜ ብቻ ነው።

ሐሙስ ማለዳ ከጎንደር በአባዱላ ተነሣሁ። እስከ አይከል ብርድ ነው። ከዚያ መንገዱ ቁልቁል ሲወርድ ተሳፋሪው አንድ በአንድ ልብሱን ማውለቅ ይጀምራል። ነጋዴ ባሕር ስንደርስ እኔም ሹራቤንና ካልሲዬን አውልቄ እርጥብ መሐረብ አናቴ ላይ ጣል አድርጌ ነበር። መሣሪያ የያዙ ሰዎች ሦስት ቦታ አስቆሙን። የማን ወገን እንደሆኑ ማንም አልጠየቀም። በሁለተኛው ቦታ ወንዶቹን አስወርደው ዛፍ ሥር አስቀመጧቸው፤ እኛ ሴቶቹ መኪናው ውስጥ ሁለት ሰዓት ተቀቀልን። ሲለቋቸው እንኳን ደስ አላችሁ የሚልም አልነበረም። ማታ ሸኸዲ ደረስን።

ሸኸዲ አልጋ ቤቱ ሁሉ ከየቦታው በተፈናቀለ ሰው ሞልቷል። ሻንጣዬን ይዤ ስዞር ምግብ የምትሸጥ አበዙ የምትባል ሴትዮ ጠራችኝና የራሷን አልጋ ለቀቀችልኝ። እሷ መሬት ላይ ምንጣፍ አነጠፈች። እኛ አገር እንግዳ ሲመጣ «የማን ልጅ ነሽ?» ይባላል፤ እዚያ የሚጠይቁት «ወዲያ ነሽ ወይስ ወዲህ?» ብለው ነው፤ ወደ ሱዳን ሂያጅ ነሽ ወይስ ከሱዳን መጪ ማለታቸው ነው። ፍልሰታ ስለነበር ሽሮ በልተን ተኛን። «ዘመድ ጥየቃ ነው የምሄደው» ብያት ነበር። ጠዋት ስትሸኘኝ ዳቦ በላስቲክ ቋጥራ ሰጠችኝና «እግዜር ያጽናሽ» አለችኝ።

«ማን ነገረሽ?» አልኳት ደንግጬ።

«ፊትሽ ነዋ። ወዲያ ማዶ ስትደርሽ እንዲህ ሁነሽ እንዳትገቢባት፣ የምታረጃት ሰው ካለች።»

ገና በአንድ ቀን ተነቃብኝ ማለት ነው። መኪና ውስጥ በትንሿ መስታወቴ ፊቴን እያየሁ ፈገግታ ስለማመድ አጠገቤ የተቀመጠ ሰውዬ ፊቱን ወደ መስኮት አዞረ።

ዓርብ መተማ ዮሐንስ ደረስኩ። ድልድዩ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ይህ ሁሉ ሰው በእሱ ላይ መመላለሱ ይገርማል። ከካርቱም ጦርነት የሸሹ ሐበሾች ዕቃቸውን ተሸክመው ወደ እኛ ይገባሉ። የእኛን አገር ውጊያ የሸሹ ደግሞ ወደዚያ ይሻገራሉ። ወዲያ የሚሸሸውና ወዲህ የሚሸሸው ድልድዩ ላይ ሲገናኝ «መንገዱ እንዴት ነው?» ይባባላል። ሁለቱም «ደህና ነው፣ ሂዱ» ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ።

ወረቀቴን የሚያየው ሰው ለጁምዓ ሶላት ሄዶ ነበርና ድልድዩን ተሻግሬ በሱዳን በኩል ጋላባት ላይ ጥላ ሥር ቁጭ አልኩ። እግሬ ከማበጡ የተነሣ ጫማዬ አልገባ አለኝ። ሻይ የምትሸጥ ሱዳናዊት ባዶ ሣጥን አምጥታ እግሬን አንስታ ላዩ ላይ አስቀመጠችልኝ። ሰውዬው ሲመለስ ለገዳሪፍ መኪና መሽቶ ነበር። ያደርኩት ሎኳንዳ በሚሉት የግቢ ማደሪያ ውስጥ በገመድ አልጋ ላይ ነው። አመሻሹ ላይ ዝናብ ሲመጣ የማላውቃቸው ሰዎች እኔ ተቀምጬበት አልጋውን ለአራት ተሸክመው ወደ ጣሪያው ሥር አስገቡኝ። አስከሬን ይመስል ተሸከሙኝ ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ። ዝናሽ ብትሰማ እንዴት ትስቅ ነበር።

ቅዳሜ አውቶቡስ አገኘሁ። ከጋላባት እስከ ገዳሪፍ ምድሩ እንደ ጠረጴዛ ነው፤ ተራራ የለመደ ዓይን የሚያርፍበት ያጣል። በባሱንዳ በኩል ሰሊጥና ማሽላው እስከ ሰማይ ጥግ አረንጓዴ ነው፤ ውስጡ ወገባቸውን ያጎበጡ አራሚዎች ነጠብጣብ ሆነው ይታያሉ። ዶካ ላይ አረም የጨረሱ ሠራተኞች ተሳፈሩ። አጠገቤ የተቀመጠው ከቋራ የመጣ ጎልማሳ ነው። እጁ በሰሊጥ አረም ተቆራርጦ ጨርቅ ጠምጥሞበታል። ማን ዘንድ እንደምሄድ ሲጠይቀኝ የአክስቴን ስም ነገርኩት።

«እማማ ጥሩወርቅ?» አለና ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። «የእማማ ጥሩወርቅ ዘመድ ነሽ?»

«ታውቃታለህ?»

«እሳቸውን የማያውቅ ሐበሻ አለ እንዴ! ሱዳን ውስጥ አንድ የእኛ ሰው ሲሞት ወሬው መጀመሪያ የሚደርሰው እሳቸው ዘንድ ነው። የሚያረዱት እሳቸው ናቸው። አምና ወንድሜ ሲሞትብኝ ሁለት ቀን ተጉዘው እርሻ ድረስ መጡ። ጎህ ሲቀድ እማማ ጥሩወርቅ በርህን ከመቱ፣ ደግ ነገር አይዶለም ነው የምንለው።» ትንሽ ቆየና «ክፉ ሰው ሁነው አይዶለም ታዲያ። እሳቸው ባይዙኝ ያን ቀን አልተርፍም ነበር» አለ።

አክስቴ ለቅሶ ቤት እንደምታግዝ እናውቅ ነበር። ይህን ያህል ግን አላወቅንም። ለቀባሪው አረዱት የሚባለውን ተረት በራሴ ላይ ተረትኩት። እኔ አንዲት ልምድ የሌለኝ፣ ፊቴ የሚያሳጣኝ ሴት፣ ለመርዶ ነጋሪዋ መርዶ ይዤ መሄዴ ነው። እስከ ገዳሪፍ ድረስ ልመለስ እያልኩ አሰብኩ፤ ድካሙ ግን መመለሱንም አከበደብኝ።

ገዳሪፍ ከአውቶቡሱ ወርጄ እኛ ባጃጅ በምንለው፣ እነሱ ራክሻ በሚሉት ተሳፍሬ ሐበሾች የሚበዙበት ሰፈር ገባሁ። የአክስቴ ቤት አንድ ክፍልና አንዲት የማሽላ አገዳ ጎጆ ናት። በሩን የከፈቱልኝ የማላውቃቸው ሱዳናዊት ባልቴት ናቸው፤ ሐጃ አምና ይባላሉ። ከካርቱም ከሸሹ ወዲህ ሰባት ነፍስ ሆነው በአክስቴ ክፍል ይኖራሉ፤ አክስቴ ወደ ጎጆዋ ወጥታለች። ዘመድ አይደሉም። አንድ ቀን ገበያ ላይ ከነልጅ ልጆቻቸው መሬት ተቀምጠው አይታቸው «እኔም እዚሁ መሬት ላይ ተቀምጬ ነበር» ብላ ይዛቸው ገባች አሉ።

«ጥሩ ማፊ» አሉኝ ሐጃ፣ ጥሩወርቅ የለችም ማለታቸው ነው። «ኡም ጋርጉር ሄደ። ቢካ አለ።» ቢካ ለቅሶ ነው። አክስቴ ስደተኛ ጣቢያው ድረስ ሰው ልታረዳ ሄዳለች።

ፉል በሰሊጥ ዘይት አቀረቡልኝ፤ እነሱ በስስ ቂጣቸው በኪስራ ነው የሚበሉት። መጾማችንን ከአክስቴ ለምደው ወተቱን ራሳቸው ገለል አደረጉት። ከዚያ ባልተሟላ አማርኛቸው ስለ ጎንደር ይጠይቁኝ ጀመር። «ዝናሽ ኮይሳ?» አሉኝ፤ ደህና ናት ወይ ነው።

«ደህና ናት» አልኩ። እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ፊቴ አወጣው። አቀፉኝና ድምፃችን ለጎረቤት እንዳይሰማ ሁለታችንም ትንፋሻችንን ውጠን ቆየን። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሉ የለ። ከዚያ የልጅ ልጃቸውን ልከው የእድሩን ዳኛ ጋሽ ሰጠኝን አስጠሩልኝ። ጋሽ ሰጠኝ ሽማግሌ ናቸው፤ እሳቸውም በሰባ ሰባቱ የወጡ። አቀርቅረው ሰሙኝ።

«እዚያ ሰው አገር እንዳትነግሪያት» አሉ። «ሰው የሚረዳ በቤቱ ነው። ሂጅና አምጫት። ረቡዕ ጎህ ሲቀድ እኛ እንመጣለን። እስከዚያ ሆድሽ ይፍጀው።»

እሑድ ወደ ኡም ጋርጉር ሄድኩ። በፒካፕ የወሰደኝ ሾፌር ዳንኤል እዚያው ሱዳን የተወለደ፣ የሦስት ልጆች አባት ነው፤ አማርኛው መሐል ላይ ዐረብኛ ይሆናል። «ኻላ፣ ዋላሂ መንገዱ ጭቃ ነው፣ በስ እንሞክራለን» አለኝ፤ ኻላ አክስቴ፣ በስ ደግሞ ግን ማለት ነው። ሞከርን። የገዳሪፍ አፈር ጥቁር ዋልካ ነው። የእኛ ጭቃ ያንሸራትታል እንጂ ይለቅሃል፤ ያኛው ከያዘ አይለቅም። ፒካፑ ተውጦ ቀረ። ልረዳ ብዬ ስወርድ እስከ ጉልበቴ ገባሁ፤ ቀኝ እግሬ ሲወጣ ጫማው እዚያው ቀረ። ዳንኤልና እኔ በእጃችን ብንቆፍር አጣነው። አንድ ገበሬ በትራክተሩ ጎትቶ አወጣን፤ ምስጋናችንን «መዓሊሽ፣ መዓሊሽ»፣ ምንም አይደል፣ እያለ አልቀበል ብሎ ከቴርሞሱ ሻይ ቀዳልን። ጣቢያው የደረስኩት በአንድ እግር ጫማ ነው።

አክስቴ ከአንድ ጎጆ ወጥታ ስታየኝ መጀመሪያ አላወቀችኝም። አጭርና ቀጭን ናት፤ ሰባውን አልፋለች፤ አረማመዷ ግን የሚቸኩል ሰው ነው። በእኛ ቤት አክስት እንደ እናት አንቺ ነው የምትባል። «እቴቴ» ስላት ነው የለየችኝ።

«የሺዬ! በዚህ ዘመን? በዚህ ጭቃ? ምን ሁነሽ መጣሽ?»

«ናፍቀሽኝ። ልጠይቅሽ ብዬ።»

እግሬን አየች። ውሃ አምጥታ ዝቅ ብላ ታጥበኝ ጀመር፤ እምቢ ብል አልሰማችኝም። እያጠበች ሁሉንም ስም እየጠራች ጠየቀችኝ። ታላቅ ወንድሜ ጨጓራው እንደተነሣበት፣ የጎረቤታችን ግንብ በዝናብ እንደፈረሰ፣ የታናሽ እህቴ ልጅ ትምህርት ጥሎ እንዳስቸገረን ነገርኳት። አፌ ሲፈታ ጊዜ እኔው ራሴ ተደሰትኩ።

«ዝናሽስ?» አለች።

«ደህና ናት።»

«እግዜር ይመስገን» አለችና ቁርጭምጭሚቴን ማሸት ቀጠለች። ተሳካልኝ ብዬ ተነፈስኩ።

ሰኞ ጎህ ሲቀድ የማርዳትን ሥራ አየሁ። የምትረዳዋ ሙሉ የምትባል ሴት ናት፤ ካርቱም የቀን ሥራ ይሠራ የነበረ ልጇ ቤት ላይ በወደቀ ከባድ መሣሪያ ሞቷል። አክስቴ ከዋዜማው ጀምራ ነው የሠራችው። ማታውን «አብረን እንብላ» ብላ ሙሉን በደንብ አብልታታለች፤ ባዶ ሆድ መርዶ አይችልም። ጠዋት ከመግባታችን በፊት ለአንዷ ጎረቤት «ከምድጃው እሳቱን አውጪው» አለች፤ ለሌላዋ «ታናሿን ልጅ አንቺ ያዣት፣ እንዳታስደነግጣት»። ቢላዋውንና ምስማር ላይ የተንጠለጠለውን ገመድ ራሷ አነሣች። ከገባን በኋላ ከሙሉ ፊት ለፊት ሳይሆን ጎኗ ተቀመጠች፤ ሁለት እጇን በሁለት እጇ ያዘች።

«ሙሉ፣ ልጄ» አለች። «አበበ ሞቷል። ካርቱም ነው የሞተው። ቀብረውታል። እኔ ቀባሪውን በስልክ አግኝቼ ጠይቄያለሁ፣ በሰው እጅ ነው የተቀበረ።»

ይኸው ነው። ታሟል የለም፣ ተጎድቷል የለም፣ ዙሪያ ጥምጥም የለም። የሙሉን ጩኸት አልገልጸውም። አክስቴ ግን እጇን አልለቀቀችም፤ ሙሉ ስትወድቅ አብራት ወደቀች፣ ስትነሣ አብራት ተነሣች። ጎጆው በአፍታ ሞላ። ትግርኛ ተናጋሪዎቹ ጎረቤቶች «ጽንዓት ይሃብኪ» እያሉ ይገባሉ፤ የእኛዎቹ ደረት ይመታሉ፤ ለቅሶው አንድ ነው። እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ ተማሪ እንደሆነ ሰው እያንዳንዱን ነገር ለመያዝ ሞከርኩ። ከነገ ወዲያ እኔ ነኝና።

ከሰዓት በኋላ እግሯን ዘርግታ ስትቀመጥ እንዴት እንዲህ ያለ ሥራ እንደጀመረች ጠየቅኋት።

«በሰባ ሰባቱ ማንም ማንን አላረዳም» አለች። «ሰው ይወድቃል፣ ያልወደቀው ይሄዳል። እኔም ልጄን ከጀርባዬ አውርጄ በእጄ አፈር አለበስሁትና ተነሥቼ ሄድሁ። አላለቀስሁም። እህል የለ፣ ውሃ የለ፣ ማን ያስለቅሰኛል? እዚህ ከደረስሁ በኋላ ሦስት ዓመት እንባዬ እምቢ አለኝ። እንደ ድንጋይ ሁኜ ነበር፣ የሺ። አንዲት የማላውቃት ሴት ስሙን ጠይቃኝ፣ ስሙን ስነግራት 'ሞቶብሻል' አለችኝ። አውቀው የለ? ግን ነገረችኝ። ያን ቀን አለቀስሁ፣ ከዚያ ወዲህ ሰው ሆንሁ። እዚህ አገር ሳይረዳ፣ ሳይለቀስለት የሚቀር ሰው እንዳይኖር ብዬ ነው።»

ማክሰኞ ወደ ገዳሪፍ ተመለስን። የሐጃ አምና ቤተሰብ ከመጠን በላይ ተጫወተልን። ጋሽ ሰጠኝ በመንገድ እንደሚያልፍ ሰው ብቅ ብለው ያለ አመላቸው ቀልድ አወሩ፤ ሄዱ። አክስቴ ጉልበቴን በሰሊጥ ዘይት አሸችልኝ። እራት በደንብ መብላቷን ጎርሳ እስክትጨርስ ቆጥሬ አየሁ። እንቅልፍ የወሰደኝ አይመስለኝም፤ ግን ደክሞኝ ነበርና ወስዶኛል።

ሁለታችን ግቢው ውስጥ በገመድ አልጋ ተኝተን ነበር፤ ረቡዕ ስነቃ አጠገቤ የለችም። ገና ሊነጋ ሲል ነው። ተነሥቼ ሐጃ አምናን ቀሰቀስኩ፤ ጋሽ ሰጠኝና አራት የእድር ሰዎች በር ላይ ደርሰዋል። ተያይዘን ወደ ጎጆዋ ስንገባ ምንጣፉ ሁሉ ተነጥፏል። ለለቅሶኛ የሚሆን ውሃ በርሜሉ ሞልቷል። ምድጃው ውስጥ እሳት የለም፣ ቢላዋም የለም። አክስቴ ጥግ ላይ እጇን አጣምራ ተቀምጣለች።

«ኑ፣ ግቡ» አለች። «ቁጭ በሉ።»

ማንም አልተቀመጠም። ጋሽ ሰጠኝ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

«አንቱ አይንገሩኝ፣ ጋሽ ሰጠኝ» አለች። ወደ እኔ ዞረች። «ያዘልሻት አንቺ ነሽ። አንቺ ንገሪኝ።»

«ካወቅሽው ምን ልንገርሽ፣ እቴቴ?»

«አላወቅሁም። የሁሉንም ሰው በሽታ፣ የሁሉንም ሰው ችግር ዘርዝረሽ ስትነግሪኝ ቆይተሽ ዝናሽ ላይ ስትደርሽ 'ደህና ናት' ብለሽ ዝም አልሽ። ደህና የሆነ ሰው ወሬ አያጣም። ጠረጠርሁ እንጂ አላወቅሁም። ሳይነግሩኝ ባለቅስ ሟርት ነው። ሦስት ቀን ይዤዋለሁ፣ አሁንስ መያዝ አቃተኝ። ንገሪኝ።»

ጎኗ ተቀመጥኩ። እጆቿን ያዝኩ፤ በረዶ ሆነዋል፣ በዚያ ሙቀት። ከቋራው ሰው፣ ከሙሉ ቤት፣ ከሁሉም የሰበሰብኩት ሁሉ ጠፋኝ። «እቴቴ፣ ዝናሽ ሞታለች» አልኩ። «ሐምሌ ላይ። ኩላሊቷ ነው። ሐኪም ቤት ዐሥር ቀን ተኝታለች። እኔ አጠገቧ ነበርኩ። ቀብረናታል።»

«ብቻዋን አልነበረችም?»

«አልነበረችም። እጇን ይዣት ነበር።»

«እጇን ይዘሻት» አለች። ከዚያ አለቀሰች። እዚያች ቀጭን ሰውነት ውስጥ ያ ሁሉ ድምፅ እንደነበረ አላውቅም ነበር። ስትወድቅ አብሬያት ወደቅሁ፤ ጉልበቴን ረሳሁት። ትንሽ ቆይቶ ሙሾዋ ወጣ።

አንዱን አዝዬ ሄድሁ፣ አንዷን አስቀምጬ፣
ሁለቱንም አጣሁ፣ መሐል ተቀምጬ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስት ቀኖች ተደባልቀውብኛል። ያ ሁሉ ያረዳችው ሰው መጣ። ከእርሻ በትራክተር ተጭነው የመጡ አሉ። የሰፈሩ ሱዳናውያን በር ላይ ቆመው መዳፋቸውን ዘርግተው ፋትሓ ይቀራሉ፣ «አልበረካ ፊኩም» ብለው አጽናንተውን ይቀመጣሉ። ሐጃ አምናና ምራቶቻቸው ለሁሉም ምስር ወጥ ሠሩ፤ ጾማችንን የሚያስፈታ ነገር እንዳይገባ ድስቱን ራሳቸው ጠበቁት። በሦስተኛው ቀን ሙሉ ከኡም ጋርጉር መጣች። የልጇ መርዶ ከተነገራት ገና ሳምንት አልሆናትም። ሰዎች ሐዘንተኛ ከቤት አይወጣም ብለው ሊመልሷት ሞክረው ነበር አሉ። አክስቴ አጠገብ ተቀመጠችና ሁለት እጇን በሁለት እጇ ያዘች። እስከ ምሳ ድረስ እንደዚያው ቆዩ።

እሑድ እኔ ልመለስ ዕቃዬን ስቋጥር በሩ ላይ አንድ ሰው ከጋሽ ሰጠኝ ጋር ይከራከራል። ፋው ከሚባል የእርሻ ቦታ ነው የመጣ፤ የእርሻ ሥራ ባልደረባው በትኩሳት ሞቷል፣ ሚስቱ እዚያው ሻይ እየሸጠች ባሏን ትጠብቃለች፣ የሚነግራት ጠፋ።

«ሴትዮዋ ራሷ ሐዘን ላይ ናት» ይላሉ ጋሽ ሰጠኝ። «ሌላ ሰው ፈልጉ። ነውር አይዶለም እንዴ?»

አክስቴ ከጎጆዋ ወጣች። ጥቁር ነጠላዋን እንዳጣፋች ነው፤ ዓይኗ አብጧል። «ዘመድ አላት?» አለች።

«ማንም የላትም፣ እማማ።»

«ልጅስ?»

«ነፍሰ ጡር ናት።»

አክስቴ በርሜሉ ጋ ሄዳ ፊቷን ታጠበች፤ ደጋግማ ታጠበች። ከዚያ ወደ እኔ መጥታ እጇን ዘረጋች። «ነጠላሽን ስጪኝ» አለች። እኔ ለማስመሰል ጥቁሬን ጎንደር ትቼ በነጭ ነጠላ ነበር የመጣሁት። «በጥቁር ከገባሁባት ቆማ ትረዳለች። እስክትቀመጥ ድረስ ጊዜ ልስጣት።»

«እቴቴ፣ ሳምንት ሳይሞላሽ?»

«እኔንስ ነግራችሁኛል» አለች። «አልቅሻለሁ። እሷ ናት ያልተነገራት።»

ነጭ ነጠላዬን ሰጠኋት፣ ጥቁሩን ሰጠችኝ። ከሰውየው ጋር ፒካፕ ላይ ወጣችና ወደ ኋላ ሳትዞር ሄደች። እኔም ወደ ጋላባት በሚሄደው አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

ከገዳሪፍ ወጥተን ብዙም ሳንርቅ ኬላ አስቆመን። ወረቀት የሚያየው ወታደር እኔ ጋ ሲደርስ ጥቁሩን ነጠላ አየ። ወረቀቴን አልጠየቀኝም። መዳፉን ዘርግቶ ከንፈሩን አንቀሳቀሰና ፊቱን አበሰ፤ ፋትሓ ቀራልኝ። ከኋላዬ የተቀመጠች የወልቃይት ሴት «ማን ሞቶብሽ ነው፣ እህቴ?» አለችኝ።

ሦስት ሳምንት ስደብቅ፣ ሳምንት ሙሉ ስሸከም፣ ሦስት ቀን ሌላ ሰው ስይዝ ይህን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። «ልጄ» አልኩ። «አዝዬ ያሳደግኳት ልጄ።»

«ሞተችብሽ?» አለች ሴትዮዋ።

«ሞተችብኝ» አልኩ፣ ያኔም ለዝናሽ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀስኩ። ሾፌሩ የከፈተውን ዘፈን አጠፋ።